የባትሪ አሲድ ለባትሪ ነው፤ ለሳይክል ሎሚና አቼቶ ይበቃል

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ግን ሳይክል ያለው፣ ሳይክል የሚጠግን፣ ወይም ልጁ ሳይክል ቤት የሚውልበት ሰው እስከ መጨረሻው ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ደምበጫም በሉት ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም በሉት ደብረ ማርቆስ፣ ክረምት አልፎ ፀሐይ ብቅ ስትል አሮጌ ሳይክል ከየጓዳው ይወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበት ሲጠጣ የከረመ ፎኒክስ ቸርኬው ቀልቶ፣ ካቴናው ደርቆ፣ ብሎኑና ዳዶው ተጣብቆ አንድ ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱ እየገፋ ወደ ሳይክል ሰሪው ይወስደዋል። ሳይክል ሰሪውም፣ ብዙ ጊዜ ዕድሜው ከአስራ ስድስት የማይዘል ልጅ ነው፣ ዕቃውን ይፈታና አንድ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ከሃይላንድ ጠርሙስ የሆነ ፈሳሽ ይገለብጥበታል። ፈሳሹ ይንፈቀፈቃል፣ ይጨሳል። ከአስር ደቂቃ በኋላ ብረቱ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሁሉም ይደሰታል።

ፈሳሹ የመኪና ባትሪ አሲድ ነው። የኔ አቋም ደግሞ ግልጽ ነው፤ ይሄ ነገር መቅረት አለበት። ለሳይክሉም አይሆንም፣ ለልጁም አይሆንም፣ ለሰፈሩም አይሆንም። ደግሞ የሚተካው ነገር ከውጭ የሚመጣ፣ ዶላር የሚጠይቅ አይደለም። ጓዳችን ውስጥ አለ።

ለምን እንደምል ላስረዳ።

መጀመሪያ ዝገት ምንድን ነው? ዝገት ቆሻሻ አይደለም፣ ከውጭ መጥቶ ብረት ላይ የተለጠፈ ነገርም አይደለም። ራሱ ብረቱ ነው። ብረት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ተለውጦ ያ ቀይ ዱቄት ይሆናል። ይሄ ዱቄት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ዳዶ ከብሎን ጋር ተጣብቆ በቁልፍም በፒንሳም አልፈታ የሚለው ለዚህ ነው፤ በጥርሶቹ መሐል ያለው ክፍተት በዝገት ስለሚሞላ። ዝገት ደግሞ እንደ ቀለም አይደለም፣ ብረቱን አይሸፍነውም። ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ውሃና አየር ያሳልፋል፣ እና ሥራውን ወደ ውስጥ ይቀጥላል። ዘንድሮ ያልተነካ ዝገት ለከርሞ ጥልቀት ይጨምራል።

አሲድ ይሄን ዝገት ያሟሟል። እውነት ነው። ችግሩ አሲድ ዝገቱን ሲጨርስ "በቃኝ" ብሎ አይቆምም። ዝገቱ ሲያልቅ ደህናውን ብረት መብላት ይጀምራል። እንዲያውም ሁለቱን ጎን ለጎን ነው የሚበላው። ያ ስታዩት ደስ የሚላችሁ ንፍቅፍቅታ ዝገት ሲለቅ አይደለም፤ ደህናው ብረት ሲበላ የሚወጣ ሃይድሮጂን ጋዝ ነው። ዝገት በአሲድ ሲሟሟ ጋዝ አያወጣም፣ ውሃ ነው የሚሆነው። ስለዚህ በኃይል ከተንፈቀፈቀ፣ እየሞተ ያለው ብረቱ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አደጋ አለ። ከዚያ ሃይድሮጂን ከፊሉ ወደ አየር አይወጣም፣ ወደ ብረቱ ውስጥ ይገባል። ለስላሳ ብረት ብዙም አይጎዳበትም። ጠንካራ ሆኖ የተሠራ ብረት ግን፣ ለምሳሌ የካቴና ቁርጥራጮች፣ ስፕሪንግ፣ የኩሽኔታ ኳሶች፣ ሃይድሮጂን ሲገባበት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ከውጭ ስታየው ነጭ፣ ንጹህ፣ አዲስ የመሰለ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ዳገት ላይ ቆመህ ፔዳሉን ስትጫነው ካቴናው ጧ ይላል። ወይም ያ የታጠበ ስፕሪንግ ቁልቁለት ላይ ይከዳሃል። ሰው የሚለው "የቻይና ዕቃ ስለሆነ ነው" ነው። ዕቃው ግን የተበላሸው ቻይና ሳይሆን እዚሁ ጀሪካን ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። ሳይክል ሁሉ ነገሩ ብረት አይደለም። በዘመኑ ሳይክሎች የፍሬን እጀታው፣ ብዙ ጊዜ ቸርኬውም፣ አሉሚኒየም ነው። አሲድ አሉሚኒየምን ይበላል። የጎማው ሽቦዎች ብዙዎቹ እንዳይዝጉ ዚንክ የተቀቡ ናቸው። አሲድ ዚንኩን በደቂቃዎች ውስጥ ገፎ ይጥለዋል። ያ ሽቦ ዛሬ ያብረቀርቃል፣ በሚቀጥለው ክረምት ግን ከበፊቱ በባሰ ፍጥነት ይዝጋል፤ ልብሱ ተገፏላ።

እሱም ብቻ አይደለም፤ ከአሲድ የወጣ ባዶ ብረት ክረምትን እንኳ አይጠብቅም። ሳይደርቅና ዘይት ሳይነካ ከቆየ በዚያው ቀን ቢጫ ዝገት ያወጣል። ሳይክል ሰሪዎቻችን "አሲድ ያየ ብረት ቶሎ ይዝጋል" ሲሉ ሰምቻለሁ። ልክ ናቸው። ምክንያቱ ይሄው ነው።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። እኔን ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው እንጂ ካቴናው አይደለም።

በቅርቡ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱን ሥራ ላይ አገኘሁት። ሱሪው ጉልበቱ ላይ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፣ የሁለት ጣቶቹ ቆዳ ተልጧል። "ይሄ አሲድ እኮ ነው፣ ለምን በባዶ እጅህ?" ስለው ምን አለኝ መሰላችሁ? "ኧረ ቲቸር፣ አሲድ አይደለም፣ የባትሪ ውሃ ነው።"

ይሄ መልስ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ስሙ ነው ልጁን ያታለለው። "የባትሪ ውሃ" የምንለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ ባትሪ ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው፣ ቢነካ ምንም አያደርግም። ሁለተኛው አዲስ ባትሪ የሚሞላበት ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ከመቶው ከ30 በላይ የሚሆነው እጁ ንጹህ አሲድ ነው፤ አንድ ሌትሩ 1.28 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለቱም ቀለም የላቸውም፣ ሁለቱም ሃይላንድ ውስጥ ሲቀመጡ ውሃ ይመስላሉ። እና ሁለቱንም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን! ከዛሬ ጀምሮ ቢያንስ በዚህ እንስማማ፦ ውሃውን ውሃ፣ አሲዱን አሲድ እንበለው።

ሱሪው ለምን ዘግይቶ እንደሚበሳም ልንገራችሁ። ጠብ ያለው አሲድ ሲደርቅ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። አሲዱ ጨርቁ ላይ ይቀርና እየጠነከረ ይሄዳል። ስለዚህ "ትንሽ ነው፣ ደርቋል" ማለት "አሁን ባሰበት" ማለት ነው። ቆዳም ላይ እንደዚያው። ዓይን ላይ ከሆነ ደግሞ ወሬ የለውም፣ ብርሃን ነው የሚወስደው።

ከአሮጌ ባትሪ ተገልብጦ የሚወሰደው አሲድ ደግሞ ከአዲሱም የከፋ ነው። ባትሪው ውስጥ ያለው ሳህን እርሳስ ነው (የምንጽፍበት አይደለም፣ ብረታ ብረቱ)። ባትሪው ሲያረጅ የእርሳሱ ብናኝ ከአሲዱ ጋር ይወጣል። እርሳስ ከሰውነት በቀላሉ አይወጣም፤ አጥንት ውስጥ ይጠራቀማል፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ልጁ በዚያ እጁ ዳቦ ይበላል። ቀሪው ቦይ ውስጥ ይደፋል። ቦዩ ወደ ወንዝ፣ ወንዙ ወደ ከብቶቻችንና ወደ ጎመን መደባችን።

እንግዲህ ይሄን ስናገር የሚመጡልኝን መልሶች አውቃቸዋለሁ። አንድ በአንድ ልያቸው።

አንደኛው፦ "ፋብሪካም እኮ በአሲድ ነው የሚያጥበው" የሚለው ነው። እውነት ነው። የቤታችን ቆርቆሮ ዚንክ ከመቀባቱ በፊት ብረቱ በአሲድ ይታጠባል። ግን ፋብሪካ ውስጥ አሲዱ በልክ ተበጥብጦ፣ ደህናውን ብረት እንዳይበላ የሚከለክል ንጥረ ነገር ተጨምሮበት፣ ጊዜው በደቂቃ ተቆጥሮ፣ ጭሱ በማራገቢያ ተስቦ ነው። ጠንካራ ብሎን ሲሆን ደግሞ ከአሲድ እንደወጣ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ለሰዓታት ይጋገራል፤ የገባበት ሃይድሮጂን እንዲወጣለት። የኛ ጀሪካን ከዚህ የትኛውን ያሟላል? ፋብሪካን የምንጠራ ከሆነ ሙሉውን እንጥራ።

ሁለተኛው፦ "ሎሚ ውድ ነው፣ አቼቶ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፣ ደንበኛ አይጠብቅም" የሚለው ነው። ይሄ ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው፣ አልንቀውም። ያ ልጅ በቀን ሦስት ሳይክል ካልሠራ ራት የለውም። ግን ልብ ብለን እንቁጠረው። አሲዱ አስር ደቂቃ ይፈጃል፣ ልጁ ግን አጠገቡ ቆሞ ያን ጢስ ይስባል። አቼቶው ሌሊቱን ይፈጃል፣ ልጁ ግን ቤቱ ተኝቷል። የሚሠራው አቼቶው ነው፣ እሱ አይደለም። ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት ማንሳት ነው። የሚያስፈልገው ደንበኛን "ነገ ጠዋት ና" ማለት ብቻ ነው። ደንበኛውም እኛ ነን። ልብስ ሰፊ ሳምንት ሲቀጥረን የምንታገሥ ሰዎች ለሳይክል አንድ ሌሊት መታገሥ ያቅተናል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ለዚህም ይሆናል።

ሦስተኛው፦ "ስንት ዓመት ሠራንበት፣ ምንም አልሆንን" ነው። ለዚህ መልሴ አጭር ነው። ምንም ያልሆኑት ናቸው ይሄን የሚሉት። የሆኑት ሥራውን ትተውታል።

እሺ፣ ታዲያ እንዴት እናጽዳ? ሞያውን የሚያውቁ እርማት ካላቸው ኮሜንት ላይ ይጨምሩበት። እኔ የምለው ይሄ ነው።

አንደኛ፣ አሲድ የማይፈልገውን ለዩ። ላይ ላዩን ብቻ የቀላ ማኑብሪ ወይም የብረት ቸርኬ፣ ክሮም የተቀባ ከሆነ፣ ምንም መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጨምድዱት፣ ውሃ ነክሩና እሹት። አሉሚኒየሙ ከክሮሙ ስለሚለሰልስ አይጭረውም፣ ዝገቱን ግን ያነሳዋል። ሞክሩትና ትገረማላችሁ። (ሲጋራ አጭሱ ማለቴ አይደለም፣ የተጣለ ፓኮ መንገድ ላይ ሞልቷል።)

ሁለተኛ፣ ካቴናና ኩሽኔታ አሲድ ውስጥ አይገቡም። የባትሪም ቢሆን፣ የሎሚም ቢሆን፣ አይገቡም። ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ካቴና በላምባ ወይም በናፍጣ ታጥቦ፣ በጥርስ ብሩሽ ተፈግፍጎ፣ ደርቆ ዘይት ይጠጣል። እሳትና ሲጋራ በአካባቢው አይኑር። ከታጠበም በኋላ መገጣጠሚያው የማይታጠፍ፣ የደረቀ ካቴና ከሆነ ይጣል። ካቴና ከጥርስና ከአጥንት ይረክሳል።

ሦስተኛ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ የብረት ፔዳል፣ የፊት ጥርስ፣ የኮርቻ ዘንግ፣ እነዚህ ከብረት የተሠሩትን ብቻ ለይታችሁ መጀመሪያ ቅባታቸውን በኦሞ እጠቡ። ቅባት ካለ አሲዱ ብረቱን አያገኘውም። ከዚያ ፕላስቲክ ሳፋ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ አቼቶ እስኪሸፍናቸው አፍስሱ። የአሉሚኒየም ድስት እንዳትጠቀሙ፣ እሱንም ይበላዋል፤ እናትም አትምርም! አቼቶ ከመቶው አምስት ያህሉ ብቻ አሴቲክ አሲድ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ከምሽት እስከ ጠዋት በቂ ነው። በጣም የዛገ ከሆነ እስከ ማግስቱ ማታ፣ ግን በየመሐሉ እያያችሁ። እንደ ጠጅ ረስቶ ማቆየት የለም፤ ደካማም ቢሆን አሲድ አሲድ ነው።

ሎሚም ይሆናል። ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ ከአቼቶው የሚለይበት ነገር አለው፤ የሟሟውን ብረት ይዞ ያስቀረዋል፣ ተመልሶ እንዳይጣበቅ። ሎሚ ውድ ነው ካላችሁ ጭማቂ ቤት ተጨምቆ የሚጣለውን ግማሽ ሎሚ ውሰዱ። ጥቂት ብሎን ለመዘፍዘፍ ይበቃል፤ ለማሸትም ግሩም ነው። ጨው የሚጨምሩ አሉ። ያፈጥናል፣ ግን ጨው ብረቱ ላይ ከቀረ ራሱ ዝገት ስለሚጠራ በደንብ መታጠብ አለበት።

እንግዲህ የኛ ሰው ይሄን አዲስ አይደለም የሚሰማው። እናቶቻችን የነሐስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ሲያሹ አድገናል። የቆመጠጠ ጠላ ደግሞ ምንድን ነው? ጠላው ውስጥ ያለው አልኮል ወደ አሴቲክ አሲድ ተለውጦ ነው የሚቆመጥጠው። ከአቼቶ ጋር አንድ ዘር ነው፣ ደከም ያለ ብቻ። ለድግስ ተጠምቆ የተበላሸ ጠላ ከመድፋት በፊት ሁለት ሦስት ቀን የዛገ ብሎን ሊዘፈዘፍበት ይችላል። ውጭ አገር አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎችም የሚጠቀሙበት ተመሳሳይ ዘዴ አለ። ለከብት መኖ የሚሆነውን የስኳር ተረፈ ምርት፣ ሞላሰስን፣ አንዱን እጅ በዘጠኝ ወይም በአስር እጅ ውሃ አቅጥነው የዛገ ዕቃ አንድና ሁለት ሳምንት ይዘፈዝፉበታል። ይሸታል፣ ይዘገያል፣ ግን ይሠራል።

ሳፋ ውስጥ የማይገባ ትልቅ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ቴላዮ፣ የዛገው ቦታ ላይ አቼቶ የነከረ ጨርቅ ጠምጥሙ፣ እንዳይደርቅ በፌስታል አስሩትና አሳድሩት።

አራተኛ፣ ጠዋት አውጥታችሁ በሽቦ ብሩሽ ወይም በድስት ማጠቢያ ሽቦ ፈግፍጉ። በውሃ እጠቡ። ከዚያ የቀረውን አሲድ የሚገድል ነገር ያስፈልጋል። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጡ። ከሌለ አመድ በውሃ አድርጋችሁ አስረግቱና የላዩን ውሃ ቅዱ፤ እሱም ቤዝ ነው፣ ያንኑ ይሠራል። እንደገና በውሃ አለቅልቁ፣ ወዲያው በጨርቅ አድርቁ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ። ትኩስ እያለ ዘይት ቀቡት። የተቃጠለ ዘይት ቆሻሻና የብረት ብናኝ ስላለው የስፌት መኪና ዘይት ይሻላል። ኩሽኔታ ላይ ግራሶ። ይሄን የመጨረሻውን ደረጃ የዘለለ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በከንቱ ነው ያሳደረው።

አምስተኛ፣ ይሄን በተለይ ለእህቶቼና ለእናቶቼ። አቼቶም ሆነ ሎሚ ወይም ሌላ አሲድ የነበረበት ዕቃ ውስጥ በረኪና አትጨምሩ! በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይሄ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተፈጀበት ጋዝ ነው። በር ዘግቶ ማሽተት ሳንባ ያቃጥላል። "ሁለቱም ያጸዳሉ፣ ሁለቱን ብቀላቅል እጥፍ ያጸዳል" የሚለው ሐሳብ ሰው ገድሏል።

ደግሞ ግድ ሆኖ አሲድ የሚበጠብጥ ባትሪ ሠሪ ካለ፣ ሁልጊዜ አሲዱን ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይጨምር። ውሃን ወደ አሲድ መጨመር የለም፤ ፈልቶ ፊት ላይ ይፈነጥቃል። ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ልብሱን አውልቆ በሚፈስ ንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። የዋጠ ልጅ ካለ ደግሞ አታስመልሱት! የሄደበትን መንገድ ሲመለስም ያቃጥለዋል። አፉን አጉመጥምጡትና ሩጡ።

አሁን ደግሞ ለሻጮች አንድ ቃል። አሲድ በሃይላንድ ጠርሙስ አትሽጡ። ሃይላንድ በእኛ አገር ማለት የሚጠጣ ውሃ ማለት ነው። የጠማው ልጅ ሃይላንድ ሲያይ አያሸትም፣ ገልብጦ ይጠጣል። ሌላ ዕቃ ከጠፋ እንኳ ላዩ ላይ በትልቁ "አሲድ" ብሎ መጻፍ፣ ቀይ ጨርቅ ማሰር ምን ያስከፍላል? ማን እንደሚገዛ፣ ለምን እንደሚገዛ መጠየቅስ? በ1999 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በአንዲት ወጣት ላይ የተደፋው አሲድ አገሩን በሙሉ እንዴት እንዳስደነገጠ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ። ዛሬም ማንም ልጅ ሳንቲም ይዞ ሄዶ የሚገዛው ከሆነ ምን ተማርን?

ወደ ራሴ ቤት፣ ወደ ትምህርት ቤት ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ብዙ የሚያሳስበኝ።

ያ "የባትሪ ውሃ ነው" ያለኝ ልጅ አሲድና ቤዝ ተምሯል። የሰልፈሪክ አሲድን ቀመር ቢጠየቅ ዛሬም አይጠፋውም። ግን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ "ኮሮዥን" የሚለው ቃል ከቸርኬው ላይ ካለው "ዝገት" ጋር አንድ መሆኑን ማንም አጥብቆ አላሳየውም። ቃሉ ደብተሩ ውስጥ ቀረ፣ ዝገቱ ደጁ ላይ። እውቀቱና እጁ አልተዋወቁም።

በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ። ስለዚህ ከመቶ ተማሪ ዘጠና ስድስቱ የት ሄዱ? ጋራዥ ሄዱ፣ ብየዳ ቤት ሄዱ፣ እርሻ ላይ ፀረ አረም ሊረጩ ሄዱ፣ ሳይክል ቤት ሄዱ። ኬሚስትሪ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው! ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ጓንትም መነጽርም ይሰጠዋል። ጓንት የሌለው ይሄኛው ነው። እኛ ግን ስናስተምር ሁሌም ለሦስቱ ነው የምናስተምረው።

"ላብራቶሪ የለንም" እንላለን። እውነት ነው፣ ብዙ ቦታ የለም። ግን አራት ብርጭቆ፣ አራት የዛገ ምስማር፣ አቼቶ፣ የሎሚ ውሃ፣ የቆመጠጠ ጠላና ንጹህ ውሃ ላብራቶሪ አይደለም ወይ? ማክሰኞ ዘፍዝፎ ረቡዕ ማየት ነው። የቱ ቀደመ? የቱ ጥቁር አደረገው? ውሃው ውስጥ የነበረውስ ባሰበት ወይስ ተሻለው? ምስማሩን በፊትና በኋላ ወርቅ ቤት በሚዛን ብታስመዝኑት ደግሞ የጠፋውን ብረት ቁጥር ታገኙታላችሁ። አስተማሪ የሆናችሁ ጓደኞቼ፣ ይሄን ለመሥራት ከማንም ደብዳቤ አያስፈልግም።

አንዳንዱ "ለአሮጌ ሳይክል ይሄ ሁሉ?" ይል ይሆናል። አዎ፣ ይሄ ሁሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ከተተወ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም ኪሳችን ያውቃል። አዲስ ሳይክል ለገበሬ ልጅ ሕልም ነው። ነዳጅ ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ባጃጅ ሲቆም፣ የማይቆመው ሳይክልና እግር ብቻ ነው። ከገጠር ቀበሌ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ክፍል የሚገባ ተማሪ አውቃለሁ፤ አንደኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ዓይኑ ይከደናል። በአንዲት አሮጌ ሳይክል ጉዞው ከግማሽ በታች ይሆንለት ነበር። ባሕር ዳር በሳይክል ያደገች ከተማ ናት። አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ አሁን የሳይክል መስመር ሠርታለች። አገራችን በ1949 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ስትሄድ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በሳይክል ወክለዋታል። ሳይክል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጓዳ ውስጥ የዛገው ሳይክል የአንድ ልጅ የትምህርት መንገድ ነው፤ በአሲድ ልናሳጥረው አይገባም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው።

ሳይክል ሰሪ ወንድሞቼ፦ የባትሪ አሲዱን ተዉት፣ የአቼቶ ጀሪካን አንድ ጥግ ላይ አስቀምጡ፣ ደንበኛን ለነገ ቅጠሩ። ካቴና አትዘፍዝፉ።

ደንበኞች፦ "ቶሎ በል" አትበሉት። አንድ ሌሊት ስጡት። ለአቼቶው አስር ሃያ ብር ጨምሩለት፣ ከጣቱ አይበልጥም።

ሻጮች፦ በሃይላንድ አትሽጡ። ለልጅ አትሽጡ።

ወላጆች፦ ልጃችሁ ሳይክል ቤት ከዋለ ማታ እጁንና ሱሪውን እዩት።

አስተማሪዎች፦ አራት ብርጭቆ፣ አራት ምስማር።

ያ ልጅ ይሄን ካነበበ ደግሞ፦ ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ብቅ በል፣ አንድ ጠርሙስ አቼቶና የጎማ ጓንት አስቀምጬልሃለሁ። የኔንም ሳይክል ይዤ እመጣለሁ፣ ፔዳሉ ቀልቷል። ለነገ ቅጠረኝ፣ እታገሣለሁ።

ለሳይክል ሰሪ ወዳጆቻችሁ አድርሱልኝ። ደህና ሁኑ።